ኤርብራሻችሁ ውሃ ሲተፋባችሁ፦ የኮምፕሬሰር ፊልትሮ የትና እንዴት ይገጠማል

የባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳ እየሣልኩ ነበር። ጎፈሩ ላይ ደርሻለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፋሼን ውጬ የሠራሁት ጥላ አምሮልኛል። ድንገት ኤርብራሹ፣ ቀለም በአየር የምትረጨው ትንሿ መርጫዬ፣ «ጭፍ» አለ። አንድ ጠብታ ውሃ። ትንሽ ቆየና ደገመኝ። ገና ያልደረቀው ቡናማ ቀለም ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ወጣ። የባጃጁ ባለቤት ማኪያቶውን ጠጥቶ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ዐየው። «አቦ! አንበሳዬን ኩፍኝ አስያዝከው እንዴ?» አለኝ።

ፊልትሮ፣ ማለትም የአየር ማጣሪያ፣ አልነበረህም ወይ እንዳትሉኝ። ነበረኝ፤ ያውም አዲስ። ውሃ የሚጠራቀምበት ብርጭቆው ግን ደረቅ ነበር፤ አንድ ጠብታ እንኳን አልያዘም። ውሃው ሁሉ በውስጡ አልፎ እጄ ላይ ነው የወረደው። ማጣሪያውን ቀይሬ ሌላ ገዛሁ። ያው ሆነ። ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የገጠምኩበት ቦታ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ቀለም አባክኛለሁ። እናንተ እንዳታባክኑ ነው ይህን የምጽፈው።

መንገዱን ያሳዩኝ ሰፈራችን ያሉ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው። የጅቡቲ መስመር መኪኖችን ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ኮምፕሬሰሬን ዐዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ና እስቲ የመኪናውን ሆድ እይ» ብለው ወደ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ወሰዱኝ። የፍሬን አየር ከሚጨምቀው ኮምፕሬሰር እስከ ማድረቂያው ድረስ ረጅም ቱቦ ይሄዳል። «ይሄን ያህል ቱቦ ለምን ያባክናሉ? አየሩ መንገድ ላይ እንዲበርድ ነው። ትኩስ አየር ውሃውን አይለቅም» አሉኝ። የቀረው ነገር ሁሉ የዚህች አባባል ዝርዝር ነው።

ድሬዳዋ ደረቅ አይደለችም እንዴ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቀኛል። ሐረር ቢሆን እሺ፤ ደመናም ጭጋግም አላት። ድሬ ላይ ውሃ ከየት መጣ?

ሞቃት አየር ብዙ ውሃ መሸከም ይችላል። ስለተሸከመ ግን አይታይም። 32 ዲግሪ ሙቀትና 40 በመቶ እርጥበት ያለውን የድሬ ቀን ውሰዱ። ቆዳችን ደረቅ ነው ይላል። አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ግን 13 ግራም ያህል ውሃ አለ። 16 ዲግሪ ላይ ጭጋግ የለበሰ የሐረር ሌሊት የሚይዘውም ከዚህ አይበልጥም። ከፍሪጅ የወጣ ለስላሳ ከዚራ ካፌ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱ ላብ የሚያወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃው ከአየሩ ነው የመጣው።

ከዚህ በታች ያለው አንቀጽ ቁጥር ይበዛበታል። የማይወድ ይዝለለው፤ ሥራው አይበላሽበትም።

ትንሹ የኤርብራሽ ኮምፕሬሰር አንድ ሜትር ኩብ አየር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ወደ 4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲጨምቀው አየሩ አምስት ተኩል ጊዜ ያህል ያንሳል። ውሃው ግን አያንስም፤ ያው 13 ግራም ነው። ያ የተጨመቀ አየር ወደ 32 ዲግሪ ቢመለስ መሸከም የሚችለው 6 ግራም ብቻ ነው። 7ቱ ግራም ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ማጣሪያው ይይዘዋል። አየሩ ሳይበርድ በ50 ዲግሪ ማጣሪያው ጋ ቢደርስስ? 13ቱንም ግራም ተሸክሞ ያልፋል። ማጣሪያው ምንም የሚይዘው የለም። ከዚያ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ሲሄድ ይበርዳል። ኤርብራሹ በሚፈልገው 2 ባር ግፊት 10 ግራም ያህል ብቻ መያዝ ይችላል፤ 3 ግራሙን ቱቦው ውስጥ ይጥለዋል። 3 ግራም ማለት 60 ጠብታ ገደማ ነው። አንበሳ ለማበላሸት አንዱ በቂ ነው።

እንግዲህ ማጣሪያ አየር አያደርቅም። ቀድሞ ውሃ የሆነውን ብቻ ነው የሚይዘው። ተን በእጁ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አብርዱ፣ ቀጥሎ ውሃውን ያዙ፣ መጨረሻ ላይ ግፊቱን ቀንሱ።

ገበያ ላይ ምን ትላላችሁ?

«የውሃ ማጣሪያ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ያወጡላችኋል። ደርሶብኛል። «የኮምፕሬሰር ፊልትሮ ከሬጉሌተር ጋር» በሉ፤ ሬጉሌተር ማለት ግፊት ማስተካከያው ነው። ታይዋን ገበያም ሆነ የመኪና መለዋወጫና የጎሚስታ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ፈልጉ። ካልተገኘ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መላክ ነው።

ዕቃው ሲመጣ እንዲህ እዩት። ከላይ ግፊት ማስተካከያ ቁልፍ አለው። ከጎኑ ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ። ከታች የሚያሳይ ብርጭቆ የተንጠለጠለበት። «ብርጭቆ» የምለው ስለሚያሳይ ነው፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ከብርጭቆው ሥር ውሃ ማፍሰሻ ይኖረዋል። ጎኑ ላይ የአየሩን መሄጃ የሚያሳይ ቀስት ተቀርጿል። ቀስት የሌለውን እኔ አልገዛም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ልብ በሉ። ሁለት ብርጭቆ ያለውን ብዙ ሰው «ድርብ ማጣሪያ» እየመሰለው ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ብርጭቆ ማጣሪያ ሳይሆን ዘይት መጨመሪያ ነው። በአየር የሚሠሩ የጋራዥ መሳሪያዎች ዘይት እንዲያገኙ የተሠራ ነው። አናቱ ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ የሚታይበት ትንሽ ጉልላት አለው። ቀለም ላይ ይህ መርዝ ነው። ዘይት የነካው ቦታ ቀለም ይሸሻል፤ የዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ያወጣል። ዘይት አልጨምርበትም ብላችሁም አትግዙት። አንድ ቀን ረዳታችሁ ይሞላዋል።

በተጨማሪ ኮምፕሬሰራችሁ በዘይት የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለ 50 ሊትሩ የጎሚስታ ዓይነት፣ ከአየሩ ጋር የዘይት ጉም ይመጣል። ተራው ባለ 5 ወይም ባለ 40 ማይክሮን ማጣሪያ ይህን አያቆመውም። ከተራው ቀጥሎ የዘይት ጉም የሚይዝ ባለ 0.01 ማይክሮን ማጣሪያ ያስፈልጋል። ሻካራው ይቅደም፣ ረቂቁ ይከተል። ብታገላብጡት ረቂቁ ቶሎ ይደፈናል። በውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ለሚሥል ይህ ቅንጦት ሊሆን ይችላል። መኪናና ባጃጅ ላይ ለሚሠራ ግን ግድ ነው።

ጥርሱን ሳትለኩ አትግዙ

እኔ ከማጣሪያው ይልቅ የደከምኩት በማጋጠሚያዎቹ ነው። «1/4 ኢንች ስጠኝ» ብዬ ገዝቼ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ሄጄ አልገባ ብሎኝ ተመልሻለሁ። ምክንያቱ ስሙና ልኩ አለመገናኘታቸው ነው። 1/4 ኢንች የሚባለው የቧንቧ ጥርስ በካሊፐር ሲለካ 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 1/8 የሚባለው ደግሞ 9.7 ሚሊሜትር ያህል። 3/8 የሚባለው 16.7። ይህችን መስመር ስልካችሁ ላይ ጻፏት።

ሌላው ጣጣ የጥርሱ ዓይነት ነው። ቢኤስፒ የሚባለው እና ኤንፒቲ የሚባለው አሉ። በ1/4 ላይ የመጀመሪያው በአንድ ኢንች 19 ጥርስ፣ ሁለተኛው 18 ጥርስ አለው። መጀመሪያ ሁለት ዙር የሚገጥሙ ይመስላሉ። ከዚያ ይነክሳሉ። በመፍቻ ካስገደዳችሁት ማጣሪያው ይሰነጠቃል ወይም ዕድሜ ልኩን ያፏጫል። በጣት ሦስት አራት ዙር ያልገባን ዕቃ ተዉት።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው። ማጣሪያው ከነሬጉሌተሩ። ሁለት 1/4 ኒፕል (ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው አጭር ማጋጠሚያ)። ከ1/4 ወደ 1/8 የሚቀንስ ማጋጠሚያ፣ የኤርብራሽ ቱቦ ብዙ ጊዜ 1/8 ስለሆነ። አንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማጋጠሚያ)። አንድ መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ። ስድስት ሜትር ቀጭን የመዳብ ቱቦ። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ቱቦው የሚያደርስ፣ ቢያንስ 10 ባር የሚችል ላስቲክ ቱቦ። ፋሼታ። ቴፍሎን። ሁለት መፍቻ፤ አንዱ ለመያዝ፣ አንዱ ለማዞር። ፓፓጋሎ አትጠቀሙ፤ ናሱን ይቦጭቀዋል።

የውሃ መስመር ፒቪሲ ቧንቧ ርካሽ ነው ብላችሁ ለአየር እንዳትዘረጉ። ውሃ ሲፈነዳ ያረጥባል። አየር ሲፈነዳ ግን ፕላስቲኩን እንደ ቢላ ይበትነዋል።

ማብረጃውን መሥራት

የድሬ ሙቀት አንድ ጥሩ ነገር አድርጎልናል። በየሰፈሩ የፍሪጅና የኤር ኮንዲሽነር ባለሙያ አለ። 1/4 የመዳብ ቱቦ እሱ ጋ ነው የሚገኘው። ስድስት ሜትር አስቆርጡ። ጫፎቹን በፍሌር (የቱቦ አፍ በሚያሰፋ መሣሪያ) እንዲከፍትላችሁና ወደ 1/4 የቧንቧ ጥርስ የሚለውጥ ማጋጠሚያ እንዲያስገባላችሁ ንገሩት። ለእሱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ለእናንተ መሣሪያው ከሌላችሁ የግማሽ ቀን ንትርክ ነው። ትልቅ የቀለም ጠመንጃ የምትጠቀሙ ከሆነ ቱቦውን 3/8 አድርጉት። ለኤርብራሽ ግን ቀጭኑ ይበቃል።

ባዶ የቀለም ጋሎን አምጡ። ቱቦውን በዝግታ ጠምጥሙበት። ወደ አሥራ ሁለት ዙር ይወጣዋል። በችኮላ ካጠፋችሁት ይጨማደድና አየሩን ያንቀዋል። ጠምዛዛው ቁልቁል እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይቁም። አየሩ ከላይ ይግባ፣ ከታች ይውጣ። መሐል ላይ የረገበ ቦታ አይኑር፤ ውሃ እዚያ ይጠራቀምና አንድ ቀን በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ከታች በሚወጣበት ላይ ቲውን ግጠሙ። ከቲው ቁልቁል 20 ሳንቲሜትር ያህል ቀጥ ያለ አጭር ቧንቧ ይውረድ። ጫፉ ላይ ቫልቩን ገጥማችሁ ዝጉት። አየሩ ወደ ጎን ታጥፎ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ውሃው ክብደት ስላለው መታጠፍ ስለማይችል ቁልቁል ይወድቃል። ይህች እግር ማጣሪያው ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ሥራ ትጨርስለታለች። የእኔን ስከፍት መጀመሪያ ቀን የወጣውን ውሃ ረዳቴ በቡና ሲኒ ተቀብሎ ጎረቤት እያዞረ አሳየ።

የሞቀ ቀን ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። ጠምዛዛው ላይ የረጠበ ጆንያ ጠምጥሙ። ድሬ ደረቅ ስለሆነች ውሃው ከጆንያው ላይ ቶሎ ይተናል፤ ሲተን መዳቡን ያበርደዋል። በ32 ዲግሪ ቀን ወደ 24 ዲግሪ ብትደርሱ ቅድም ካሰብነው 13 ግራም ውስጥ 9ኙ እዚያው ይወርዳል። የቀረው 4 ግራም ኤርብራሹ ጋ ምንም አያደርግም። ሐረር ላይ ጆንያው ያን ያህል አይጠቅምም፤ ግን ቱቦው ራሱ በቂ ብርድ ያገኛል። ምን ጊዜም ቢሆን ውሃውን ከኤሌክትሪክ ገመድና ከኮምፕሬሰሩ ሞተር አርቁ።

ባለ 50 ሊትር ታንክ ካላችሁና ኤርብራሽ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ጠምዛዛውን ልትተዉት ትችላላችሁ። ታንኩ ራሱ ማብረጃ ነው። አየሩ ውስጡ ቆየት ብሎ ይበርዳል። ማጣሪያውን ግን ከታንኩ ላይ አውርዳችሁ አምስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ አድርጉት። ታንኩም ፀሐይ ላይ አይቁም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ያለ ኮምፕሬሰር ሙቀቱ እጅ አያስነካም።

አሁን እንግጠም

ኮምፕሬሰሩን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ግፊት ሲቀንስ በራሱ የሚነሳ ማሽን ነው። አየሩን በሙሉ አስወጡ። ጌጁ ዜሮ ላይ ሲቆም እንኳን ማፍሰሻውን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ከታንኩ ሥር ያለውን ቡሽ ወይም ቫልቭ ስትከፍቱ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ከወጣ አትደንግጡ። ለወራት ማንም አላፈሰሰውም ማለት ነው።

ማጣሪያውን የምትሰቅሉበትን ቦታ ምረጡ። ጥላ ይሁን። ተቀምጣችሁ ስትሥሉ ዓይናችሁ ብርጭቆውን የሚያይበት፣ እጃችሁም ቁልፉ ጋ የሚደርስበት ይሁን። ግድግዳውን ብሱና ፊሸር አስገብታችሁ መያዣውን በብሎን እሰሩ። ኮምፕሬሰሩ ላይ አትሰሩት። ንዝረቱ ማጋጠሚያውን ቀስ በቀስ ያላላዋል፤ ሙቀቱም ብርጭቆውን ይጎዳዋል። አብዛኞቹ ብርጭቆዎች ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲሞቁ አልተሠሩም። ብርጭቆው ቁልቁል፣ ቀጥ ብሎ ይንጠልጠል። አግድም የተገጠመ ማጣሪያ ውሃውን መልሶ ለአየሩ ይሰጠዋል።

ቴፍሎን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ሰው ጥፋት እዚህ ነው። ኒፕሉን ጥርሱ ወደ እናንተ ዞሮ ያዙት። ቴፍሎኑን በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ጠምጥሙ። ተቃራኒውን ብትጠመጥሙ ስታጠብቁ እየተላጠ ይወጣል። ሦስት ዙር ይበቃል። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት። ካልተዋችሁት ቁራጩ ተበጥሶ ወደ ውስጥ ይገባና ጉዞውን የሚጨርሰው ኤርብራሻችሁ መርፌ ጫፍ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቃጫ እዚህ አታምጡ፤ ብናኙ ለቀለም አይሆንም። በጎማ ቀለበት የሚዘጋ ማጋጠሚያ፣ ለምሳሌ የኤርብራሽ ቱቦ ጫፍ፣ ቴፍሎን አያስፈልገውም። የፍሌሩ ጫፍም እንደዚያው።

ቀስቱን አሁን እዩት። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው ከቀስቱ ጭራ ይገባል። ወደ ኤርብራሹ የሚሄደው ከቀስቱ ጫፍ ይወጣል። ተገልብጦ ቢገጠም አየር ያልፋል፤ ችግሩ ያ ነው። የሚሠራ ይመስላል። ውሃውን ግን አሽከርክሮ ግድግዳው ላይ የሚጥለው ክንፍ ያለ ሥራ ይቀራል፤ ሬጉሌተሩም አይታዘዝም።

ኒፕሎቹን መጀመሪያ በጣት አስገቡ። ከዚያ በመፍቻ አንድ ዙር፣ ቢበዛ አንድ ተኩል። የማጣሪያው አካል ቀላል ብረት ነው፤ ጉልበታችሁን አይፈልግም። በአንዱ መፍቻ አካሉን ያዙ፣ በሌላው ኒፕሉን አዙሩ። ጌጁንም እንደዚሁ በቴፍሎን አስገቡ። ፊቱ ወደ እናንተ ካልዞረ ትንሽ አጥብቁት እንጂ ወደ ኋላ አትመልሱት፤ ያፈሳል።

መስመሩ እንዲህ ይሆናል። ኮምፕሬሰር፣ ላስቲክ ቱቦ፣ ጠምዛዛ መዳብ፣ ቲው ከነእግሩ፣ ማጣሪያና ሬጉሌተር፣ መቀነሻ ማጋጠሚያ፣ የኤርብራሽ ቱቦ። ኮምፕሬሰሩ የራሱ ሬጉሌተር ካለው እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ብዙዎች እዚያው 2 ባር ላይ ይቀንሱትና ወደ ማጣሪያው ይልኩታል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ተመልሶ ወደ ተን ይሸሻል፤ ማጣሪያው ያጣዋል። ውሃ የሚያዘው በከፍተኛ ግፊት ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ማጣሪያውና ቱቦው ያንን ግፊት መቻላቸውን ጽሑፋቸው ላይ አንብቡ።

ማፍሰስ አለማፍሰሱን መፈተሽ

የግድግዳውን ሬጉሌተር ቁልፍ ወደ ላይ ሳቡት፤ «ቀጭ» ይላል። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ አላሉት። መነጽር አድርጉ። ኮምፕሬሰሩን አስነሱና ሞልቶ በራሱ እስኪያቆም ጠብቁ። ኦሞ በውሃ በጥብጡ፤ በብሩሽ እያንዳንዱን ማጋጠሚያ ቀቡ። አረፋ የሚነፋ ካለ አየር እየወጣ ነው። አጥፉ፣ አየሩን አስወጡ፣ ፍቱ፣ ቴፍሎኑን ቀይራችሁ እንደገና ግጠሙ። ግፊት ያለበትን ማጋጠሚያ ማጥበቅ አይሞከርም።

ከዚያ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። ለኤርብራሽ ከ1 እስከ 2 ባር ይበቃል፤ ጌጃችሁ በፒኤስአይ ከሆነ ከ15 እስከ 30፤ በሜጋፓስካል ከሆነ ከ0.1 እስከ 0.2። ይህን ስታስተካክሉ የኤርብራሹን መጫኛ ተጭናችሁ አየር እያወጣችሁ ይሁን። ተዘግቶ ያያችሁት ቁጥር ስትረጩ ይወርዳል። ሲስማማችሁ ቁልፉን ወደ ታች ተጭናችሁ ቆልፉት።

የመጨረሻው ፈተና መስታወት ነው። ኤርብራሹን ያለ ቀለም፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ያዙ። በአራት ጣት ርቀት ንጹሕ መስታወት ላይ አየር ብቻ ንፉ። አምስት ደቂቃ። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራና ከሞቀ በኋላ ድገሙት። መጀመሪያ ንጹሕ ሆኖ በኋላ ጠብታ ካመጣ ማብረጃው አልበቃም። ቱቦውን አርዝሙ ወይም ጆንያውን አርጥቡ። ቅባት የመሰለ ጭጋግ መስታወቱ ላይ ከቀረና በጣት ሲነካ የሚንሸራተት ከሆነ ዘይት ነው።

ፈተናውን አልፎም አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ የሚመጣባችሁ ከሆነ ከኤርብራሹ ሥር የምትገጠም ትንሽ መያዣ አለች። አውራ ጣት የምታህል፣ ከታች የምትጫን ማፍሰሻ ያላት። ግድግዳው ላይ ካለው በኋላ ቱቦው ውስጥ የወረደውን ትለቅማለች። ብቻዋን ግን አትችልም፤ ሁለተኛ በረኛ አድርጓት።

የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ጠርሙስ የሚያደርጉም አሉ። እስካሁን ካነሳናቸው ውስጥ ተንን ጭምር የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ከማጣሪያው በኋላ ይገባል፤ ፈሳሽ ውሃ ከደረሰበት በአንድ ቀን ይጠግባል። ብርቱካንማው ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። 120 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ተመልሶ ይሠራል። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ስላለው ለጤና ጥሩ አይደለም፤ እኔ አልነካውም። በእኛ አየር ለኤርብራሽ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም።

ማጣሪያው ላይ የማይለጠፍ ጥፋት

ሐረር ጁገል አጠገብ የሚሠራ ወዳጄ ደወለልኝ። «እንዳልከኝ አድርጌ ገጠምኩ፣ ቀለሜ ግን ነጭ ጉም ለበሰ» አለ። ጠዋት በዝናብ ነበር የሠራው። ያ የማጣሪያ ጉዳይ አይደለም። ቲነር ሲተን የተቀባውን ገጽ ያበርዳል፤ በዙሪያው ያለው እርጥብ አየር እዚያው ላይ ጤዛ ይጥላል። ቀለሙ ወተት ይመስላል። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር መጠቀም ወይም ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነው። ክብ ክብ ጠብታ ከሆነ ከቱቦው መጣ፤ ሰፊ ጉም ከሆነ ከአየሩ መጣ። ቀለም የሚሸሽባት ትንሽ ቀዳዳ ከሆነች ደግሞ ዘይት ወይም ሰም ነች፤ ባጃጁን ከመቀባታችሁ በፊት በደንብ አላጸዳችሁትም ማለት ነው።

ማድረቂያ ተጨምሮ የሚቀባ ባለ ሁለት ንጥረ ነገር ቀለም ላይ ውሃ ሲገባ ነገሩ ይከፋል። ማድረቂያው ከውሃው ጋር ተዋህዶ ጋዝ ይፈጥራል፤ ቀለሙ ውስጥ አረፋ ይቀራል። የዚህ ቀለም ጉም ሳንባ ይጎዳል። ተራ የጨርቅ ጭምብል አያድንም። ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያደርስ ጭምብል ከሌላችሁ ይህን ሥራ አትቀበሉ።

በየቀኑ

ማታ ሥራ ስትጨርሱ ሦስት ቦታ ውሃ ይፈስሳል፦ ከታንኩ ሥር፣ ከቲው እግር፣ ከብርጭቆው። ብርጭቆው ውስጥ የሚታየው ውሃ ከምልክቱ እስኪያልፍ አትጠብቁ። አየሩ ያነሳውና ይዞት ይሄዳል። ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ ቫልቩን ከፍታችሁ እደሩ፤ ዝገቱን ይቀንሳል።

ብርጭቆው ሲቆሽሽ በሳሙና ውሃ ብቻ እጠቡት። በቲነር ወይም በአሴቶን ያጠበ ሰው መጀመሪያ ደመና ሲለብስ ያያል። ቀጥሎ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይገባዋል። ከዚያ አንድ ቀን በግፊት ይፈነዳል። ረዳታችሁ የቀለም ዕቃ ሁሉ በቲነር ይታጠባል ብሎ ስለሚያምን በግልጽ ንገሩት። የእኔን ስላላመንኩት ግድግዳው ላይ በራሱ በኤርብራሹ ጻፍኩለት፦ «ብርጭቆው በኦሞ!»

የውስጡን ማጣሪያ በየሦስት ወሩ አውጥታችሁ እዩት። ቡናማ ከሆነ ታንካችሁ ውስጡ እየዛገ ነው። አየር ሲያንሳችሁና ጌጁ ስትረጩ በጣም የሚወርድ ከሆነ ተደፍኗል፤ ቀይሩት።

አንበሳውን በነጻ ነው የሠራሁለት። ጎፈሩን ሙሉ በሙሉ ፈግፍጌ እንደገና። አሁን ባለቤቱ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፍቶ ብርጭቆዬን በጣቱ ያሳየኛል፤ ውሃውን አፍስሼ እንደሆነ ለማወቅ።